በአንድ ቀን 9 ብሎን፦ ከአሮጌ ማሴ ትራክተር ጋር ያየሁት ፍዳ

ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። «ጧ!» ይላል። ትራክተሩ መጮሁን ይቀጥላል፤ ከኋላው ያለው አፈር መከስከሻ፣ ሮታቬተሩ፣ ግን ቀጥ ብሏል። አጎቴ ከወንበሩ ዞር ብሎ ያየኛል። እኔ ኪሴን እዳብሳለሁ። ስንት ብሎን ቀረኝ?

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ቦታው ፎገራ፤ ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲኬድ ጉማራን ተሻግሮ፣ ወደ ጣና ገባ ብሎ። ሩዙ ታጭዶ ተነሥቷል። መሬቱ ለቀይ ሽንኩርት መድረስ አለበት። የእኔ ሥራ ባሕር ዳር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከአጎቴ ዘንድ አልጠፋም። ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት 9 ብሎን ሰበርን። የከሰከስነው መሬት አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። የጎረቤት ልጆች ዳር ላይ ተቀምጠው መቁጠር ጀምረው ነበር። «ስድስት!» ብለው ሲያጨበጭቡ ቁልፉን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይህች ጣት የማታህል ብሎን ያስተማረችኝ ነገር ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል። እናንተ በነፃ ውሰዱት።

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከትራክተሩ ኋላ ጥርስ ያለው አጭር ዘንግ ወጥቶ ይታያል። ፒቲኦ ይባላል። የሞተሩን ጉልበት ለሮታቬተር፣ ለበቆሎ መፈልፈያ፣ ለውኃ ፓምፕ የሚያቀብለው እሱ ነው። የእኛው 6 ጥርስ አለው፤ በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው። በሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ጋቢ ሳወራ እመለስባታለሁ።

ከፒቲኦው እስከ ሮታቬተሩ ሁለት ክሮቼራ፣ ማለትም ዘንጉ ጎብጦም እንዲዞር የሚያስችል መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ያለው ረጅም ዘንግ ይገባል። በሮታቬተሩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ወጥ አይደለም። ሁለት ቁራጭ ነው። ውስጠኛው ቁራጭ የሮታቬተሩ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ላይ ይሰካል። ውጨኛው ከክሮቼራው ጋር ይዞራል። ሁለቱም ጆሮ አላቸው፤ ጆሮና ጆሮ ተገጣጥሞ አንድ ቀጭን ብሎን ይገባበታል። እነሱን የሚያያይዛቸው ይኸው ብቻ ነው። ምላጩ ድንጋይ ሲነክስ ብሎኑ ይቆረጣል፣ ውጨኛው በውስጠኛው ላይ በባዶ ይሽከረከራል፣ ካምቢዮው ይተርፋል። እኛ ጋ «ሴፍቲ ብሎን» ይሉታል። ሽር ቦልት የሚለውም አለ። ሥራው መሰበር ነው። የቤት ቫልቮላ በሉት።

ታዲያ ቫልቮላ ደጋግሞ ሲቃጠልበት ወፍራም ሽቦ የሚጠቀልልበት ሰው አታውቁም? እኔ ያ ሰው ሆንኩ።

ያን ቀን ማታ ብሎን ለመግዛት ባሕር ዳር ተመለስኩ። በነጋታው ገበያ አካባቢ ካሉት የብረታ ብረት ሱቆች አንዱ ገባሁና «የ13 ብሎን ስጠኝ» አልኩት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኛ አገር ብሎን የሚጠራው በሚፈታበት ቁልፍ ነው። በ13 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ውፍረቱ 8 ሚሊ ነው። በ17 የሚፈታው 10 ሚሊ፣ በ10 የሚፈታው ደግሞ 6 ሚሊ። «10 ብሎን» ያልክ እንደሆነ አንዱ ሻጭ 6 ሚሊ፣ ሌላው 10 ሚሊ ያወጣልሃል። ስለዚህ የተሰበረውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ካሊብሮ ካላቸው አስለኩት።

እኔ ውፍረቱን አልሳትኩም። የሳትኩት ሌላውን ነው። ሻጩ «የሚሰበርብህ ከሆነ ይኼን ውሰድ፣ አይሰበርም» ብሎ ጥቁሩን፣ በአለን ቁልፍ የሚፈታውን ብሎን አወጣልኝ። ጭንቅላቱ ላይ 12.9 ይላል። «አይሰበርም» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ማር ሆኖ ገባ። 10 ገዛሁ። ሻጩ ላይ አልፈርድም፤ የጠየቅኩትን ነው የሸጠልኝ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር በ100 ሲባዛ የብረቱን የመበጠስ ጥንካሬ ይሰጣል። 8.8 ሲል 800 ሜጋ ፓስካል፣ 12.9 ሲል 1,200፣ 4.6 ሲል 400። በአጭሩ ስንለው፣ 12.9 ብሎን ከ8.8 አንድ ተኩል እጥፍ ይጠነክራል። ውፍረትም እንደዚያው ነው። ከ8 ሚሊ ወደ 10 ሚሊ ስትሄዱ «2 ሚሊ ምን አላት» ትላላችሁ፤ የሚቆረጠው ፊት ግን ከ50 ካሬ ሚሊ ወደ 78 ይዘላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያደረገ ሰው ቫልቮላውን ከሁለት እጥፍ በላይ አወፈረ ማለት ነው። ምንም ቁጥር የሌለበት ብሎንም አለ። እሱ ለስላሳ ብረት ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ግን ማን እንዳቀለጠው ማን ያውቃል? እኔ ቁጥር የሌለበትን አልገዛም። የአሜሪካ ብሎን ቁጥር የለውም፣ መስመር ነው ያለው፦ 3 መስመር መካከለኛ፣ 6 መስመር ጠንካራ።

በጥቁሩ ብሎን አንድ ሳምንት በሰላም ሠራን። አጎቴ ደስ አለው። «አየህ፣ ብሎኑ ነበር ችግሩ» አለኝ። ፎገራ ድንጋይ የሚበዛበት ሜዳ አይደለም፤ ለዚያ ነው የተዘናጋነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሮታቬተሩ የድንበር ድንጋይ ነከሰ። ጧ አላለም። ሌላ ድምፅ ነበር፤ ወፍራምና አስቀያሚ። የክሮቼራው ጆሮ ለሁለት ተከፈለ። ካምቢዮውን ስንከፍት ደግሞ ከትንሹ ጥርሳም ጎማ ጥርሶች ሁለቱ ዘይት ውስጥ ወድቀው አገኘናቸው። ብሎኑ? ብሎኑማ ደህና ነው። አንድ ጭረት የለውም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ክሮቼራውንና ጥርሳሙን ጎማ ተሸክሜ ባሕር ዳር አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀረጽበት ቦታ፣ ሄድኩ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ ስለ ብሎን ስለፈልፍ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ የተሰበሩትን ብሎኖች አምጥተሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የተሰበረ ብሎን ምን ይሠራል?»

«ምን እንደገደለው የሚናገረው ሬሳው ነው።»

እንደ ዕድል ሆኖ ልጆቹ አራቱን ለቅመው መጫወቻ አድርገዋቸው ነበር። በቀጣዩ ሳምንት በከረሜላ ለውጬ አመጣሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩት ሁሉ ከዚያ ጠረጴዛ ነው የጀመረው።

በአንድ ምት የተቆረጠ ብሎን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። በቢላ የተቆረጠ አይብ ይመስላል። እሱ ሥራውን የሠራ ብሎን ነው፤ ድንጋይ ወይም ሥር ፈልጉ። የእኛዎቹ እንደዚያ አልነበሩም። ሁለቱ ጎብጠዋል፣ ወገባቸው ተፍቋል። ሌሎቹ ሁለት ደግሞ ፊታቸው ለሁለት የተከፈለ ነው፦ ግማሹ ለስላሳና ጠቆር ያለ፣ ግማሹ ሻካራና የሚያብለጨልጭ። ሽማግሌው ለስላሳውን በጥፍራቸው እየነኩ «ይኼ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ የነበረ ነው፣ ይኼኛው መጨረሻ ላይ የተበጠሰው» አሉኝ። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብሎን ጭነት በዝቶበት አይደለም የሞተው። ቦታው ላይ እየተናጠ ነው።

ለምን ተናጠ? ሁለቱን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስረው ያለ ብሎን አወዛወዙት። ቀ ቀ ቀ ይላል። ውጨኛው በውስጠኛው ላይ መዞር ያለበት ያለ ምንም ማወላወል ነው። የእኛ በመካከሉ ያለው ቦኮላ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል የሚገባው ቀለበት፣ ተበልቶ አልቋል። ግራሶ፣ ማለትም ማለስለሻ ቅባቱ፣ የሚሰጥባት ጫፍ በደረቀ ጭቃ ተደፍናለች፤ ስንት ዓመት ግራሶ እንዳላየች እንጃ። የብሎኑ ቀዳዳም ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል። በአንድ በኩል 8 ሚሊ ከምናምን፣ በሌላው 10 ሊሞላ ምንም አልቀረው። 8 ሚሊ ብሎን እዚያ ውስጥ ሲገባ መቀመጥ ሳይሆን መንጋጋት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ብሎን ሲሰበር ውጨኛው ቁራጭ በባዶ ይሽከረከራል ብያለሁ። ሾፌሩ ፒቲኦውን እስኪያጠፋ ድረስ ግራሶ በሌለው ቦኮላ ላይ ብረት በብረት ይፋጫል። አጎቴ ደግሞ «ጧ» ሲል ቶሎ አያጠፋም። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ይቆማል፣ ዞሮ ያያል፣ ይራገማል፣ ከዚያ ነው ማንሻውን የሚስበው። ቢያንስ 10 ሰከንድ። 90 ዙር። አንድ ብሎን በተሰበረ ቁጥር ቦኮላው ይበላል፤ ቦኮላው በተበላ ቁጥር ቀጣዩ ብሎን ቶሎ ይሰበራል። ጠዋት በሰዓት አንድ የነበረው መጨረሻ ላይ በ20 ደቂቃ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። ልጆቹ ልብ ብለውት ነበር፤ እኛ ግን አላስተዋልንም።

ጥገናው እንዲህ ሆነ። ቦኮላው ወጥቶ በነሐስ ተተካ፤ ግራሶ የሚሄድበት ቦይም ተቆፈረለት። ስለ ቀዳዳው እኔ «10 ሚሊ አድርገን እናስፋውና ወፍራም ብሎን ይግባ» ብዬ ነበር። ሽማግሌው ሳቁብኝ። ከላይ የነገርኳችሁን የ50 እና የ78 ሒሳብ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ የጻፉልኝ ያኔ ነው። በብየዳ ደፍኖ እንደገና መብሳትም ይቻላል፤ ግን ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል ብለው እሱንም አልወደዱትም። ያደረጉት ቀላል ነው። ጆሮው ሰፊ ስለነበር አሮጌውን ቀዳዳ ትተው፣ ከመሐሉ እኩል በሚርቅ ሌላ ቦታ ላይ ሁለቱን ቁራጭ አንድ ላይ አስረው አዲስ በሱ። እኩል መራቁ ግድ ነው። ቀዳዳው ወደ መሐል ከተጠጋ ያው ብሎን ቶሎ ይሰበራል፤ ወደ ውጭ ከራቀ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይችላል። ቀዳዳው 8 ሚሊ ብሎን ያለ መዶሻ፣ በአውራ ጣት ግፊት የሚገባበት ሆነ።

የእናንተን ለማየት ቶርኖ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሞተር አጥፉ፣ ብሎኑን አውጡ፣ ውጨኛውን በእጃችሁ አዙሩት። ዙሩ መቅለል አለበት። ወደ ጎን ስትነቀንቁት ግን መንጋጋት የለበትም። በዝገት ተጣብቆ ጭራሽ የማይዞርም አለ። ያ ይብሳል፤ ብሎኑ ቢቆረጥም ዝገቱ ይዞት ስለሚዞር መከላከያ የላችሁም ማለት ነው። ናፍጣ አጠጥታችሁ አሳድሩት፤ ካልሆነ በእሳት ሞቅ አድርጎ የሚያላቅቅ ሰው ፈልጉ።

ስለ ብሎኑ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የብሎን ወገብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥርስ ያለበትና ልሙጥ። ሁለቱ ጆሮዎች የሚገናኙበት መስመር ላይ መዋል ያለበት ልሙጡ ነው። እኛ ሙሉውን ጥርስ የሆነ ብሎን ነበር የምናስገባው። የ8 ሚሊ ብሎን ጥርሱ ጋ ሲደርስ ሥጋው ወደ 37 ካሬ ሚሊ ይወርዳል። ከሩብ በላይ ጉልበቱን አጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጥርሱ ጠርዝ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሁን ረዘም ያለ ልሙጥ ወገብ ያለውን 8.8 እገዛና የተረፈውን ጫፍ በሴጌቶ እቆርጠዋለሁ። ዳዶውም ፕላስቲክ ያለበት፣ በንዝረት የማይፈታው ነው። 8.8 መሆን እንዳለበት ያወቅኩት ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ከዘንጉ ጋር የመጣ አንድ የድሮ ብሎን አግኝቼ ነው። የእናንተ ዘንግ ለስላሳ ብረት የታዘዘለት ሊሆን ይችላል። መመሪያው ላይ ወይም ዘንጉ ላይ የተለጠፈውን እዩ። የእኔን አትኮርጁ።

አሁን ስለ ጋቢ። ትርፉን ብሎን የምቆርጠው ለውበት አይደለም። መጀመሪያ እናስገባው የነበረው ብሎን ከዳዶው ሁለት ሴንቲ ወጥቶ ይታይ ነበር። በሰከንድ 9 ጊዜ የሚዞር ሁለት ሴንቲ መንጠቆ አስቡት። አጎቴ ጠዋት ብርድ ስለሚበዛ ጋቢውን ደርቦ ነው የሚወጣው። ብሎን ለመቀየር ሲወርድም ሞተሩን አያጠፋም ነበር፤ «ባትሪው ደካማ ነው፣ ከጠፋ አይነሣም» እያለ። ፒቲኦው በማንሻ ብቻ ነበር የሚቆመው። አንድ ቀን የጋቢው ጫፍ ዘንጉን ሲነካ አየሁ። ዘንጉ ያኔ አይዞርም ነበር። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ዙር ከያዘ ሰው እጁን ለማንሣት እንኳ ጊዜ የለውም። በማግሥቱ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ከብሎን ጋር በተያያዘ ያወጣሁት ምርጡ ገንዘብ እሱ ነው። አሁን ሕጉ አንድ ነው፦ ፒቲኦ ይጠፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ የሞተሩ ቁልፍ ብሎን ቀያሪው ኪስ ይገባል፣ ዘንጉ መቆሙ በዓይን ይታያል። ጋቢና ፎጣ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ዘንጉን የሚሸፍነው ፕላስቲክም ተመልሶ ገብቷል፤ አጎቴ ድሮ «ለግራሶ አይመችም» ብሎ አውልቆት ነበር።

ብረቱን ካስተካከልን በኋላም ግን ብሎን መሰበሩ ጨርሶ አልቆመም። ቀነሰ። የቀረው ከሾፌሩ ነበር፤ ይህን ለአጎት መንገር ቀላል አይደለም። ከ30 ዓመት በላይ ትራክተር የነዳ ሰው ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ስለዚህ «ጋሼ፣ ቶርኖ ቤት ያሉት ሰውዬ እንዲህ ብለዋል» እያልኩ ነው የነገርኩት። ግማሹን አላሉም።

አንደኛው ጉዳይ ናፍጣ ነው። አጎቴ ናፍጣ ለመቆጠብ ጋዙን ቀንሶ፣ ማርሹን ከፍ አድርጎ ይከሰክስ ነበር። ትራክተሩ ማሴ 135 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተሠራው፣ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። ፒቲኦው 540 የሚሞላው ሞተሩ ወደ 1,700 ዙር ሲደርስ ነው። ጋዙ ሲቀነስ ምላጩ ቀስ ይላል፤ ማርሹ ከፍ ሲል ትራክተሩ ይፈጥናል። እያንዳንዱ ምላጭ በአንድ ጊዜ የሚቆርሰው የአፈር ጉርሻ ይተልቃል። የታኅሣሥ ዋልካ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከላይ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ ከሥር የሚጣበቅ ሙጫ። ጉርሻው ሁሉ ብሎኑ ላይ ያርፋል። ዙር ቆጣሪያችን ስለሞተ መለኪያ ተውሰን 1,700 የሚሆንበትን ቦታ የእጅ ጋዙ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግንበት። አሁን በአንደኛ ማርሽ፣ ጋዙ ቀዩ ላይ ነው። ናፍጣው ሲታይ ብዙም አልጨመረም፤ አንዱን መሬት ሁለት ጊዜ መመላለስ ቀርቷል።

ሁለተኛው አነሣሡ ነው። ጋዝ ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ። ቆሞ የነበረ ከባድ ሮተር፣ ምላጮቹን የተሸከመው ዘንግ፣ በአንድ ጊዜ ና ሲባል ብሎኑ ነው የሚከፍለው። የእኛ ማሴ ፍሪሲዮን ሁለት ደረጃ አለው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጎማውም ፒቲኦውም ይቆማሉ። ቀስ እያሉ ሲለቁት መጀመሪያ ፒቲኦው ይነሣል፣ ከግማሽ በላይ ሲለቁት ትራክተሩ ይሄዳል። እና፦ ሮታቬተሩ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጋዙ ዝቅ፣ ፔዳሉ ሙሉ፣ ማንሻው ይገባል፣ ፔዳሉ በዝግታ እስከ ግማሽ። እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት፣ ጋዙን እስከ ቀዩ ማድረስ፣ ከዚያ መሄድና ሮታቬተሩን እየሄዱ ማውረድ። ሮታቬተርን መሬት ውስጥ ቀብሮ ማስነሣት ብሎን በልመና እንደመስበር ነው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። አጎቴ ፒቲኦውን ሳያጠፋ ሮታቬተሩን እስከ ጣሪያ ያነሣዋል። ዘንጉ ሲጎብጥ ጠ ጠ ጠ የሚለውን ድምፅ ሰምታችኋል? ክሮቼራ በጎበጠ ቁጥር የሚያስተላልፈው ዙር እኩል አይሆንም። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሰከንድ 18 ጊዜ ብሎኑን ይንጠዋል። ያ ግማሽ ለስላሳ፣ ግማሽ ሻካራ ፊት አንዱ ምንጩ ይኼ ነው። የሃይድሮሊክ ማንሻው ከተወሰነ በላይ እንዳይሄድ ገደብ አበጀንለት። ምላጩ ከአፈር ከወጣ ለመታጠፍ ይበቃል። ቦይ ለመሻገር ይበልጥ ማንሣት ካስፈለገ ፒቲኦው መጀመሪያ ይጠፋል።

ዘንጉን ለክሮቼራው ጥገና ፈታተን ስንመልሰው ደግሞ ሌላ ጥፋት ልንሠራ ነበር። ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ቱቦ ነው፤ የእኛ ቱቦ አራት ማዕዘን ስለሆነ አንዱን ሩብ ዙር አዙረህም ይገባልሃል። መግባቱ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። በሁለቱ ጫፎች ክሮቼራውን የሚይዙት ውስጠኛ ሹካዎች አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው። ከተጠማዘዙ አንዱ ክሮቼራ የሚያመጣውን መንዘፍዘፍ ሌላው ማጥፋቱ ይቀርና ይደርብበታል። ርዝመቱንም እዩ። ዘንጉ አግድም ሲተኛ፣ ማለትም በጣም ባጠረበት ሰዓት፣ ሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ መነካካት የለባቸውም፤ ቢያንስ ሁለት ጣት ይቅር። በጣም በረዘመበት ጊዜ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሶ ያህል ገብቶ መቆየት አለበት።

የመጨረሻው ከመሬቱ ነው የሚመጣው። የሩዝ ገለባ በሮተሩ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ወደ ሐይቁ ስትጠጉ፣ ውኃው የሸሸበት መሬት ላይ፣ የደረቀ እምቦጭ አለ። ከላይ ሲያዩት ትቢያ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ገመድ ነው። ሮተሩ ግራና ቀኝ ያሉት ኩሽኔታዎች ላይ ተጠቅልሎ ግራሶ መያዣውን ይቀደዋል፣ ጭቃ ያስገባል። ከዚያ ኩሽኔታው ይይዛል፣ ብሎን ይሰበራል። እኛ በየሁለት ሰዓቱ እናቆምና በማጭድ እናጸዳለን። ማታ ሮተሩን በእጅ እናዞረዋለን፤ ከከበደ ነገ ብሎን እንደሚሰበር እናውቃለን።

ዘንድሮ ያንኑ ማሳ፣ ያንኑ ትራክተር፣ ያንኑ ሮታቬተር ይዘን ገባን። በወንበሩ ሥር 10 ብሎን ከነዳዶው፣ ሁለት 13 ቁልፍና አንድ የብሎን ስባሪ ማውጫ ዘንግ በቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጧል። ወሩን ሙሉ ሁለት ብሎን ሰበርን። አንዱ ያው የድንበር ድንጋይ ነው። እንደ አይብ ተቆርጦ ነው የወጣው፤ አጎቴ ራሱ አንሥቶ ፊቱን አገላብጦ አየውና «ይኼ ሥራውን ሠርቷል» አለ። በ5 ደቂቃ ተክተን ቀጠልን።

ሁለተኛው ሐይቁ ዳር ነበር። ውኃው ሲሸሽ ጭቃ ውስጥ የቀረ የዓሣ መረብ ነው የያዘን። ናይለን። ብሎኑን መቀየሩ ምንም አልነበረም። መረቡን ከሮተሩ ላይ በቢላ እየቆራረጡ ማውጣት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ልጆቹም ከዳር ሆነው ቁራጩን ሲቆጥሩ ዋሉ።